እጃቸውን በነጠላ የሸፈኑት እማማ ሐረግ፦ የወ/ሮ ሐረገወይን ወልደገብርኤል የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ሐረገወይን ወልደገብርኤል፣ ነገሌ ሁሉ እማማ ሐረግ የሚላቸው፣ ኦሮሞዎቹ ጎረቤቶቻችን ደግሞ አዴ ሐረግ የሚሏቸው፣ ከአባታቸው ከአቶ ወልደገብርኤል እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ስንቄ በ1949 ዓ.ም ጎጃም ውስጥ ደብረ ወርቅ አካባቢ ተወለዱ። ቀኑን ስንጠይቃቸው "ዝናብ ነበር" ነበር የሚሉት፣ ሌላ ማስረጃ የለም። ይሄ ታሪክ እንደ ሌላው ሰው አጠር ብሎ እንዲጻፍ ነበር የታሰበው፣ ግን እሳቸው በሕይወት እያሉ አንድ ነገር አዘዋል። ስሞት የእግሩ ነገር ሳይነገር እንዳይቀር፣ ሰው ተሰብስቦ ዝም ብሎ የሚሰማው ቀብር ላይ ብቻ ነው ብለው። ስለዚህ የእግሩ ነገር ይነገራል። ያስፈራል፣ ግን ይነገራል።

አባታቸው በአገሩ የታወቁ ወጌሻ ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ሙያውን ለሴት ልጃቸው አወረሱ። እንዴት መሰላችሁ፣ የተሰበረ የበግ አጥንት በጨርቅ ይጠቀልሉና ዓይናቸውን አስጨፍነው "የት ጋ ነው የተሰበረው?" ይሏቸው ነበር። ካላገኙት እራት ይዘገያል። ትምህርታቸውን እስከ አራተኛ ክፍል የተከታተሉ ሲሆን፣ ሦስተኛ ክፍል እያሉ የአስተማሪያቸውን የወለቀ ጣት እዛው ክፍል ውስጥ ወደ ቦታው መልሰዋል። አስተማሪው እሪ ብለው ጮሁ፣ በዓመቱ መጨረሻ ግን አንደኛ አወጧቸው። ይሄን ሲያወሩ ራሳቸው ስቀው ስቀው እንባቸው ይመጣ ነበር። እጃቸው ደግሞ እንዴት ያምር እንደነበር! ትንሽዬ እጅ፣ ጣቶቹ ግን ደንደን ያሉ፣ ሁሌ ሙቅ። ብዙዎቻችሁ ባለፉት ዓመታት ያን እጅ አላያችሁትም። ለምን እንደሆነ ይመጣል።

በ1966 ዓ.ም ከሃምሳ አለቃ አምሀ ጣሰው ጋር ጋብቻ መሠረቱ፤ በ1971 ዓ.ም ሃምሳ አለቃ ወደ ነገሌ ጦር ሰፈር ሲዛወሩ አብረው መጡ። መጀመሪያ ነገሌን ምንም አልወደዷትም። ከመኪና እንደወረዱ ቀዩ አፈር ነጠላቸው ላይ አረፈና ከዛ ቀን ወዲህ ነጠላዬ ነጭ ሆኖ አያውቅም ይሉ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ለመዱ፣ ኦሮምኛም ቻሉ። እዚሁ ሁለት ልጆች ወለዱ፣ እስራኤልን እና ትንቢትን።

በ1983 ዓ.ም መንግሥት ሲወድቅ የነገሌ ጦር ተበተነ። ሃምሳ አለቃ አምሀ ከጓደኞቻቸው ጋር በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ተሻገሩ። እማማ ሐረግ ሁለት ልጆች ይዘው ጠበቁ። ሙቷል ያላቸው ሰው ነበረ፣ አልሰሙም። ከወራት በኋላ ሃምሳ አለቃ በጭነት መኪና ተደብቀው ተመለሱ። መንገዱን በሙሉ በጆንያ መሀል ተጣጥፈው ነው የመጡት፣ እግር መዘርጋት የለ፣ መውረድ የለ። ቤት ሲገቡ ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች አብጧል፣ ይሞቃል፣ ቆዳው ያብረቀርቃል። ሰፈሩ እልል አለ። እማማ ሐረግ ባላቸውን አስቀመጡ፣ ቅቤ አቀለጡ፣ እግራቸውን ሲያሹ አመሹ። ሃምሳ አለቃ "እጅሽ ናፍቆኝ ነበር" አሏቸው። በነጋታው ጠዋት ፊታቸውን ሊታጠቡ ተነስተው ደጃፍ ላይ እንደቆሙ ትንፋሽ አጠራቸው፣ ደረታቸውን ያዙ፣ ወደቁ። በቃ። ሰፈሩ ምች ነው አለ። እማማ ሐረግም ምች ነው አሉ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምች ነው እያሉ ኖሩ።

ከዛ በኋላ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በእጃቸው ነው። ከግመል የወደቀ፣ ከሞተር የወደቀ፣ ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት፣ አንገቱ የተጣመመበት መምህር፣ ወገቧ የተያዘ የመኮንን ሚስት፣ ሁሉም እሳቸው ዘንድ። አራስ እንኳን እሳቸው ካላሿት አራስ አትባልም ነበር፣ በአርባ ቀኗም በሰማንያ ቀኗም እየሄዱ ያሻሉ። ከሩቅ የመጣ ቦረና ከሆነ "አካም፣ ናጋ?" ይሉና ሰውየው መልሶ ሳይጨርስ አጥንቱ ቀጭ ይላል። ሰላምታው ማደንዘዣቸው ነበር። ፍየል አምጥቶ የሚያመሰግን አለ፣ ማር አለ፣ ስኳር አለ። እጃቸው መልካም ነው ይባል ነበር፣ እስከ ዋጪሌ እስከ ፊልቱ ድረስ።

በ2003 ዓ.ም ልጃቸው ወ/ሮ ትንቢት በሞያሌ መንገድ ላይ ባለችው ሜጋ ከተማ ምግብ ቤት ስትከፍት አብረው ሄዱ። ያኔ አስፋልቱ እየተሠራ ነበር፣ ሜጋ በቻይና ተሞልታ ነበር። ከሁሉም በጣም የሚወደደው አንድ ወጣት ሰርቬየር ነበር። ስሙ ለአፍ ስለከበደ ሠራተኞቹ አቡሽ አሉት፣ እሱም አቡሽ ሲሉት አቤት ይላል። ወ/ሮ ትንቢት ምግብ ቤት እየመጣ ሽሮ በማንኪያ ይበላ ነበር፣ እማማ ሐረግም ማንኪያውን ቀምተው በእጃቸው ያጎርሱታል። "ናጋ፣ እማማ" ይላቸዋል፣ ኦሮምኛውንና አማርኛውን ደባልቆ። ልጄ ነው ይሉ ነበር።

አቡሽ የመንገድ ሥራው ካምፕ አጠገብ ካለ ገደል ተንሸራቶ እግሩ ተሰበረ። ጀሶ ታሰረለትና በሚኖርባት ሙቅ ኮንቴነር ውስጥ ሳምንታት ተኛ። ጀሶው ሲፈታ ባቱ አብጧል፣ ይሞቃል፣ ያብረቀርቃል። የካምፑ ሐኪም ዶክተር ሹ መጥተው ጫን ጫን አደረጉት። የዚያን ቀን አስተርጓሚ የነበረው አቶ ጎሊቻ እዛው ቆሞ ስለነበር እያንዳንዱን ቃል ያስታውሳል። ዶክተሩ ትንሽ አሰቡና፣ ይሄ ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ ደሙ እግሩ ውስጥ ረግቷል እል ነበር፣ ግን እሱ የፈረንጅ በሽታ ነው፣ እኛ ቻይናዎች ላይ የለም፣ ተምረነዋል፣ ይሄ የመተኛት ድርቀት ነው፣ ይታሽ አሉ። እነሱም አገር ማሸት ትልቅ ሙያ ነው። እማማ ሐረግን መኪና ልከው አስመጧቸው።

እማማ ሐረግ አሹት። አቡሽ እንቅልፍ ወሰደው፣ ፈገግ እንዳለ። በነጋታው ሲመለሱ ሊቀበላቸው ከአልጋው ብድግ ብሎ በራፉ ላይ ቆመ። "ናጋ" አለ፣ "እማማ" የሚለውን አልጨረሰውም። ደረቱን ይዞ ተቀመጠ፣ ከንፈሩ ጠቆረ፣ እጃቸው ላይ ሞተ።

ሜጋ ከዛ በፊት ቻይና ሲሠራ እንጂ ሲሞት አላየችም። ቻይና ላይ ይሄ በሽታ የለም ከተባለ፣ ሌላ ምን ቀረ? የእማማ ሐረግ እጅ ቀረ። ማንም አልከሰሳቸውም፣ ዶክተር ሹም ክፉ ቃል አልተናገሩም፣ አስከሬኑ ተጭኖ ሄደ። ሰው ግን ያወራል። ድንጋይ የፈጨ ቻይና ባልቴት እጅ ላይ ቀለጠ ተባለ። ሾፌሮቹ ምግብ ቤት ገብተው ወገቤን አሞኛል ግን እማማን እንዳትጠሩ እያሉ ይሳሳቁ ነበር፣ እሳቸው ጓዳ ሆነው እየሰሙ። ወደ ነገሌ ተመለሱ። ነፍስ አባታቸው ንስሐ ሰጧቸው፣ ጨረሱት፣ ግን አልቀለላቸውም። ከዛ ቀን ጀምሮ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸሸጉ። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ በግንባራቸው፣ ሰው ሲጨብጣቸው ትከሻቸውን ይሰጣሉ። እኛን የልጅ ልጆቻቸውን እንኳን ስንወድቅ አያነሱንም፣ "ተነሺ፣ ራስሽ ተነሺ" ነው የሚሉት። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እኔ ነኝ የገደልኩት ወይስ አይደለሁም የሚለውን ማወቅ።

በ2009 ዓ.ም ዶክተር ሹ ነገሌ መጡ። ለሌላ መንገድ ሥራ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ኖሮ፣ አቶ ጎሊቻን አፈላልገው በእሱ መኪና ነው የደረሱት። ጸጉራቸው ሸብቷል። የሻይ ቅጠል በሚያምር ቆርቆሮ ይዘዋል። ቁጭ አሉና በአቶ ጎሊቻ አፍ ተናገሩ። አገራቸው ሲመለሱ የአቡሽ ነገር እንቅልፍ ነስቷቸው ትልልቅ ሆስፒታል ያሉ ጓደኞቻቸውን ጠየቁ። ለካ በሽታው እዛም አለ። ለካ ብዙ ነው። የእግር ደም ሥር የሚያሳየው መሣሪያ በየሆስፒታሉ እየገባ ሐኪሞቹም መፈለግ ሲጀምሩ፣ በየዓመቱ የሚያገኙት ሰው እየጨመረ እየጨመረ ሄደ። አጥንቱ ተሰብሮ የተኛ፣ ኦፕራሲዮን የሆነ፣ ካንሰር ያለበት፣ የወለደች። የረጋው ደም ከእግር ይነቀልና ሳንባ ላይ ሄዶ ይዘጋል፣ ሰውየው ሲነሳ ይወድቃል፣ ድሮ ልቡ ነው ብለው ይቀብሩታል።

"የለም ያልነው ስላልፈለግነው ነው" አሉ ዶክተር ሹ። ቀጥለውም ማሸት የረጋውን ደም ስለሚነቅል የታመመው እግር መታሸት እንዳልነበረበት፣ ግን ይታሽ ያሉት ራሳቸው መሆናቸውን ተናገሩ። ተነስተውም ጎንበስ አሉላቸው፣ እንደ አገራቸው።

ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ እፎይ አለ። ወ/ሮ ትንቢት አለቀሰች። እማማ ሐረግ ግን አላለቀሱም፣ ፊታቸው ጭራሽ ጠቆረ። "እኛስ ጋ? እኛ ጋ ስንት ነው?" ብለው ጠየቁ። ዶክተር ሹ እዚህ አገር የቆጠረ ሰው እሳቸው እንደማያውቁ መለሱ።

ያን ቀን ነው ምች የሚባለው ነገር ቤታችን ውስጥ ያበቃለት። እማማ ሐረግ ቀስ ብለው ግራ እግር አሉ። ያብረቀርቅ ነበር አሉ። ሃምሳ አለቃን ነው። ከዛ ደግሞ አርባ ቀኗን ሳትጨርስ የሞተችው የአንድ ሻምበል ሚስት ትዝ አለቻቸው፣ ያሿት እሳቸው ናቸው፣ ዓይነ ጥላ ተብላ ነው የተቀበረችው። ከዛ ከግመል የወደቀው ሽማግሌ። እያንዳንዱን እግር እያስታወሱ ቁጭ አሉ። ዶክተሩ ከአንድ ሞት ነጻ ሊያወጧቸው መጥተው ስንቱን ሞት አሸክመዋቸው ሄዱ። የሻይ ቅጠሉ እስከዛሬ አልተከፈተም፣ ቡፌው ላይ ነው።

ከዛ በኋላ ያለውን እማማ ሐረግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አራስ ቤት ሁሉ እየዞሩ አራስ የሚያስነሱ ሴትዮ ሆኑ። እናቶች ተቆጡ፣ አራስ ነፋስ ይመታታል፣ መቃብሯ አፉን ከፍቶ ነው የሚጠብቃት እያሉ። እሳቸው ግን እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አድርገው በር ላይ ይቆማሉ፣ ተነሺ፣ ግቢውን ዙሪ፣ ባትሽን አሳዪኝ ይላሉ። አንዱ እግር ብቻ ካበጠና ከሞቀ አትሹት፣ ሆስፒታል ውሰዱት፣ ደም የሚያቀጥን መርፌ አለ። ልጆች እማማ ተነሺ መጡ እያሉ ይሮጡ ነበር። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን ሳይቀር አስነስተዋል፣ ያ ቪዲዮ አለ፣ ሳይ ሁሌ ነው የምስቀው። ግን ኦብሴ እዚህ አለች፣ ልጇንም አዝላ መጥታለች፣ እንደወለደች ግራ እግሯ አብጦ ሊታሽ ሲል በር ላይ ቆመው እሪ ያሉት እማማ ሐረግ ናቸው። ሆስፒታል የረጋ ደም ነው ተባለች። ስንት ኦብሴ ደግሞ ያልተደረሰላት እንዳለች አናውቅም። እሳቸውን የሚያስጨንቃቸው እሱ ነበር፣ በየቤቱ ምች የተባለው ሁሉ።

በዚህ ዓመት ጥቅምት ላይ ዶሎ ኦዶ በእርዳታ ድርጅት የሚሠሩት ልጃቸው አቶ እስራኤል ከሞተር ወድቀው ቅልጥማቸው ተሰበረና ጀሶ ታሰረላቸው። እማማ ሐረግ ይሄን ሲሰሙ አልተቀመጡም። ጀሶ፣ ሙቅ ክፍል፣ አልጋ። አቡሽን እንደገና ያዩት ይመስል ነበር። ዶሎ ሄደው በየጠዋቱ ልጃቸውን እየተቆጡ በክራንች ሲያስነሱ ከሁለት ወር በላይ ቆዩ። ሐኪሞቹ ጀሶው ሊፈታ ነው፣ ደህና ነው ሲሉ ለጥምቀት ወደ ነገሌ ተሳፈሩ። መኪናው ጢም ያለ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ መሀል ወንበር ላይ። ሰው ሁሉ ቶሎ እንግባ ስላለ የትም ውረዱ አልተባለም። ለሰው ሁሉ ተነሱ የሚሉት እማማ ሐረግ ያን ቀን ሰውን ላለማስቸገር ብለው አልተነሱም።

ታቦት ከሸኙ በኋላ ትንሽ ድካም ተሰማቸው። እግራቸው ምንም አላበጠም። ራሳቸው ደጋግመው አዩት፣ ደህና ነው አሉ። ጎረቤታችን እትዬ ደመቀች ትከሻዎትን ልሽዎት ብለው ሲጠጉ ነጠላቸውን አጥብቀው ያዙ። ጥር 13 ቀን ትንፋሽ አጠራቸው። ሆስፒታል ሲደርሱ የረጋ ደም ሳንባቸው ላይ እንደሆነ ተነገረን፣ እግር ሳያብጥም ይመጣል አሉ፣ ይሄን እማማ ሐረግም አያውቁም ነበር። መርፌው ተሰጣቸው፣ ወደ ሐዋሳ ይሂዱ ተባለ። መኪና ውስጥ እጃቸውን ከነጠላቸው አውጥተው የወ/ሮ ትንቢትን እጅ ያዙ። ከስንት ዓመት በኋላ። ሙቅ አልነበረም። "እስራኤል ይራመድ" አሉ። ክብረ መንግሥት ሳይደርሱ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም በተወለዱ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ወ/ሮ ሐረገወይን የሁለት ልጆች እናት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ከልጆቻቸው ሌላ አንድ ልጅ ነበረኝ ይሉ ነበር፣ እናቱ ሩቅ አገር ያለች። ለአቡሽ በየዓመቱ ስሙን ሳያውቁት ሻማ ያበሩ ነበር።

ከዚህ በታች ያለው ታትሞ በተሰጣችሁ ወረቀት ላይ የለም፣ ዛሬ ጠዋት ነው የተጻፈው።

አቶ እስራኤል ጀሶው ከተፈታላቸው ገና ሳምንት አልሞላቸውም። የእናታቸውን መርዶ ሰምተው ከዶሎ አንዴም ሳይወርዱ፣ ሳይዘረጉ መጡ። አሁን ፊት ለፊት የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። ግራ ጫማቸውን እንዳላደረጉ ማንም ያየ የለም፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚያየው ሬሳ ሳጥኑን ነው። ባታቸው ያብረቀርቃል። የመንገድ ድካም ነው፣ ከቀብር በኋላ ይታያል ብለዋል። በኩር ልጅ እናቱን አፈር ሳያለብስ ሂድ ብሎ ደፍሮ የሚናገረው ሽማግሌም ጠፋ። እትዬ ደመቀች ደግሞ አዝነውላቸው፣ ለማታ ብለው ቅቤ አቅልጠው አስቀምጠዋል።

ስለዚህ እዚህ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ይነገራል። አቶ እስራኤል አምሀ እናታቸውን አፈር አያለብሱም። አቶ ጎሊቻ መኪናውን በር ላይ አስነስቶ እየጠበቀ ነው፣ ሆስፒታል ደውለናል። እናቱን ጥሎ ሄደ ብሎ የሚያማ ካለ እማማ ሐረግን ይማ፣ የላኩት እሳቸው ናቸው። አፈሩን ኦብሴ ታለብስልናለች፣ ከነልጇ። እትዬ ደመቀች፣ በእናትዎ፣ ቅቤው ለወጥ ይሁን።

እግዚአብሔር የእማማ ሐረግን እጅ ከነጠላው ውስጥ ያውጣልን፣ ያሹትንም ያላሹትንም በአንድ ላይ ይቁጠርላቸው፣ ከሃምሳ አለቃና ከአቡሽ ጋር ያገናኝልን።

አሁን ሁላችሁም ተነሱ። ለአቶ እስራኤል መንገድ ልቀቁላቸው።